ቶሎ የቀዘቀዘው ላገር፦ ከኪት ስለተጠመቀ የቤት ቢራ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ላገር የሚባለውን፣ በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ የሚብላላውን ቢራ በብርድ ማቆየት ቀላል ይመስላል። ቢራው ተብላልቶ ሲያበቃ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል፣ ሳምንታት ይቆያል፣ ጠርቶ ይወጣል። ብዙ ጀማሪ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ችግር የሚፈጠረው ቢራው በእርግጥ ማብቃቱን የምናረጋግጥበት መንገድ ላይ ነው።

እዚህ የምጽፈው በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖር አንድ ወዳጄ ባለፈው የበረዶ ወራት የገጠመውን ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ጠማቂው እያልኩ እቀጥላለሁ። እኔ በስልክ እያማከርኩት፣ ሲመቸኝም ቤቱ እየሄድኩ ተከታትዬዋለሁ። ጠማቂው በየቀኑ የሙቀት ልክና ንባብ የሚጽፍበት ደብተር ስለነበረው፣ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አላስቸገረኝም። ያ ሁሉ ቢራ ሊደፋ ጥቂት ነበር የቀረው። መዳኑና የዳነበት መንገድ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መነሻው

ጠማቂው ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ነው። ጋን ማጠን፣ ጌሾ መውቀጥ፣ ጥንስስ መጣል ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። ቢራ ግን ጠምቆ አያውቅም ነበር። ለልደቱ የቢራ ኪት በስጦታ ሲያገኝ ነው የጀመረው።

ኪት ማለት ሥራው በከፊል ያለቀለት ቢራ ነው። ብቅሉን ፈጭቶ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ጣፋጩን ውሃ ማውጣትና የቢራ ጌሾ ልንለው ከምንችለው ሆፕ ጋር መቀቀል ፋብሪካው ሠርቶታል። ከዚያ ውሃው ተንኖ የቀረው ወፍራም የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ ይታሸጋል። አብዛኛው ቆርቆሮ 1.7 ኪሎ ነው። ገዢው በሙቅ ውሃ ያሟሟዋል፣ ስኳር ወይም ተጨማሪ ብቅል ያክልበታል፣ እስከ 23 ሊትር ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላበታል፣ እርሾ ይበትንበታል። በቃ። በአሜሪካ ይህን ለቤት ፍጆታ መሥራት የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን ክልክል ነው።

የመጀመሪያውን ኪት ጠማቂው መመሪያው እንዳለው ሠራው። መመሪያው ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ውስጥ ይብላላ ይላል። ስኳርም ጨመረበት። ቢራው ተጠጣ፤ ግን ላገር አልነበረም። የፍራፍሬ ሽታ ነበረው፣ ጣዕሙ የሳሳ፣ መልኩም የደፈረሰ ነበር።

ምክንያቱ ብዙም አያከራክርም። ቆርቆሮው ላይ ላገር ተብሎ የተጻፈባቸው በርካታ ኪቶች ከክዳኑ ሥር የሚያስቀምጡት ኤል የሚባለው ሌላ የቢራ ዓይነት እርሾ ነው፤ ሙቀት የሚወድ፣ ቶሎ የሚጨርስ፣ ለጀማሪ የማያስቸግር እርሾ። አምራቾቹ ይህን የሚያደርጉት ገዢው ቤት ማቀዝቀዣ ላይኖር ስለሚችል ነው። የላገር እርሾ ሌላ ፍጥረት ነው። የሁለት እርሾ ዝርያዎች ዲቃላ ሲሆን፣ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠራል። ቅዝቃዜው የፍራፍሬ ሽታ የሚያመጡትን ውህዶች ይቀንሳል። የላገር ንጹህ ጣዕም የሚገኘውም ከዚህ ነው።

ይህ ባሕርይ የተቀረጸው በጀርመኗ ባቫሪያ ነው። በ1553 የባቫሪያው መስፍን አልብረሽት አምስተኛ ቢራ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብቻ እንዲጠመቅ አዘዘ። በእነሱ አቆጣጠር ከመስከረም 29 እስከ ሚያዝያ 23 መሆኑ ነው። የሞቃቱ ወራት ሙቀት ቢራውን ስለሚያበላሸው በብርዱ ወራት ጠምቀው ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ያቆዩት ነበር። በብርድ መሥራት የሚችለው እርሾ በዚያ ልማድ ነገሠ። ጠማቂያችን ይህን ታሪክ ሲሰማ ወዲያው ያሰበው የሚኖርበትን አገር ነው። ሚኒሶታ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 15 እና 20 ዲግሪ መውረድ ብርቅ አይደለም። ብርድ በነጻ አለ።

ሁለተኛው ጠመቃ

ለሁለተኛው ጊዜ አሳቡ ለፋሲካ እንዲደርስ ነበር። ገና ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠመቀ። በዚህ ጊዜ ብዙ ነገር አሻሽሏል። በስኳር ፋንታ 1.5 ኪሎ በዱቄት መልክ የደረቀ የብቅል ጭማቂ ጨመረ። የኪቱን እርሾ ትቶ ደብሊው 34/70 የሚባለውን፣ ከባቫሪያው የቢራ ማዕከል ዋይንስቴፋን የመጣውን የላገር እርሾ ገዛ። በቀዝቃዛ ቦታ የሚሠራ እርሾ በርከት ብሎ መግባት ስላለበት 11.5 ግራም የሚይዘውን ፓኬት ሁለቱንም አደረገበት። ባልዲውን፣ ክዳኑን፣ ቧንቧውን አጥቦ መታጠብ በማይፈልግ ፀረ ተህዋስ ፈሳሽ አጸዳ። ምድር ቤቱ ውስጥ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ የሚሆን ጥግ አግኝቶ አስቀመጠው።

መነሻ ንባቡ በሃይድሮሜትር 1.046 ነበር። ሃይድሮሜትር በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንዳለ የሚጠቁም ተንሳፋፊ ብርጭቆ ነው። ስኳሩ ወደ አልኮል ሲቀየር ቁጥሩ ይወርዳል። ለዚህ ዓይነት ቢራ 1.011 ወይም 1.012 ላይ ይቆማል ተብሎ ይጠበቃል።

እስከዚህ ያለው ሥራ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔም ብሆን የምለውጠው የለኝም።

የተፈጠረው ችግር

ክዳኑ ላይ ጋዝ የምታስወጣ፣ አየር የማታስገባ ኤርሎክ የምትባል ውሃ የያዘች ትንሽ ዕቃ አለች። በዘጠነኛው ቀን አረፋ ማውጣቷን አቆመች። ጠማቂው አንድ ጊዜ ለካ። 1.016 አለው። ጥቂት ከፍ ያለ ቢመስለውም አረፋው ስለቆመ አለቀ ብሎ ወሰነ። በብርድ እንዲቆይ ባልዲውን ወደ ጋራዡ አወጣው።

ሦስት ነገር ተከታትሎ መጣ።

አንደኛው የአየር ጉዳይ ነው። ፈሳሹና በላዩ ያለው ጋዝ ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ። ባልዲው ወደ ውስጥ መሳብ ጀመረ። በማግስቱ ኤርሎኳ ባዶ ነበረች። ውሃዋ ቢራው ውስጥ ገብቷል፣ ተከትሎም አየር። ለተብላላ ቢራ አየር ጠላት ነው። ከጊዜ በኋላ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል።

ሁለተኛው ጋራዡ ራሱ ነው። መኪናው ሞቆ ሲገባ 5 ዲግሪ ይሆናል፣ ሌሊት በሩ ተዘግቶም ከዜሮ በታች 6 ይወርዳል። ቢራ በአልኮሉ ምክንያት ከውሃ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚረጋው፤ እንዲህ ዓይነቱ ቢራ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል። አንድ ጠዋት ባልዲው ጠርዝ ዙሪያውን በረዶ ይዞ ተገኘ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ወደ አሥር ቀን ሲሆነው ቀመሰው። ሽታው የፈንዲሻ ነበር፤ ያውም ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚሠራው፣ ቅቤ ቅቤ የሚለው። በዚያን ሰሞን ከሰሜን ሸዋ የመጡ አማቱ እነሱ ጋር ነበሩ። በዕድሜ ዘመናቸው ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ሴት ናቸው። አሸተቱና «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ቅቤ ነክቶታል እንዴ?» አሉት። ዕቃው አዲስ ነበር። ቅቤውን የሠራው እርሾው ራሱ ነው።

ምርመራው

ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ የጠረጠርኩት ዳይአሴቲልን ነው። እርሾ ሲራባ አንድ መነሻ ውህድ ወደ ቢራው ይለቃል። ያ ውህድ በራሱ ጊዜ ዳይአሴቲል ወደሚባል ነገር ይቀየራል፤ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው ይህ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ብዙ ሰው ይለየዋል። መልካሙ ነገር እርሾው ሥራውን ሲያገባድድ ዳይአሴቲሉን መልሶ ይውጠዋል፣ ሽታ ወደሌለው ነገርም ይቀይረዋል። ለዚህ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ሞቅ ያለ ቦታና ያልተኛ እርሾ። ጠማቂያችን ሁለቱንም በአንድ ቀን ነሳው።

ላገር ጠማቂዎች በዚህ ምክንያት ነው ቢራው ሊያልቅ ሲል ወደ 16 ወይም 18 ዲግሪ ከፍ አድርገው ለሁለት ለሦስት ቀን የሚያሳርፉት። የኪት መመሪያዎች ስለዚህ እረፍት ብዙ ጊዜ አያነሱም። በኤል እርሾ በሞቀ ቤት ለሚሠራ ሰው እረፍቱ ከመብላላቱ ጋር አብሮ ስለሚያልቅ ማንሳቱም አያስፈልጋቸውም። ላገር በላገር እርሾ ልሥራ ያለ ሰው ግን መመሪያውን ትቶ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሱ ማወቅ አለበት።

ጥርጣሬውን በምርመራ አረጋገጥነው። ከቢራው ሁለት ትንንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ሁለቱም ይከደናል። አንዱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ሌላው እንዳለ ይቆያል። የሞቀው ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሸተታሉ። ሙቀቱ የተደበቀውን መነሻ ውህድ ሁሉ ወደ ዳይአሴቲል ስለሚቀይረው፣ ቢራው ወደፊት ምን እንደሚሸት ዛሬ ይነግረናል። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ ቢራው ለብርድ ዝግጁ ነው። የሞቀው ብቻ ከሸተተ እርሾው ገና ሥራ አለበት። እዚህ ሁለቱም ሸተቱ፤ የሞቀው ደግሞ ክፍሉን አወደው። ምንም ልዩ መሣሪያ የማይጠይቅ ሙከራ ነው፤ ላገር የሚጠምቅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ባይ ነኝ።

ያልሠራው

በመጀመሪያ የሞከርነው ቀላሉን መንገድ ነው። ባልዲው ወደ ቤት ገባ፣ 19 ዲግሪ ላይ ለአራት ቀን ቆየ። እርሾው ይነቃል ብለን ተስፋ አደረግን። ክዳኑን ሳይከፍት በቀን ሁለቴ ባልዲውን በቀስታ እያወዛወዘ ከሥር የተኛውን አነሳሳው።

ንባቡ ከ1.016 ወደ 1.015 ብቻ ወረደ። ሽታው እንዲያውም ባሰ። ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ ሙቀቱ ቀሪውን መነሻ ውህድ ወደ ዳይአሴቲል ሲቀይረው፣ መልሶ የሚውጠው እርሾ ግን አልነበረም። በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በረዶ ነክቶት የሰነበተ እርሾ በቀላሉ አይነሳም። ጠማቂው በዚህ ተስፋ ቆርጦ ክዳኑን ከፍቶ በማንኪያ በደንብ ላማስለው አለ። አይሆንም አልኩት። ማማሰል አየር ያስገባል፣ ያኔ አንዱን ችግር በሌላ እንተካለን።

ደረቅ እርሾ በላዩ ላይ መበተንም ታስቦ ነበር። ይህም ብዙ አያስኬድም። አልኮል ያለበት፣ ኦክስጅን የሌለበት፣ ምግቡ ያለቀ ፈሳሽ ውስጥ ደረቅ እርሾ ቢወድቅ አብዛኛው ይደክማል። ሥራ ላይ ያለ፣ አረፋው የተነሳ እርሾ ነው የሚፈለገው።

የሠራው

ጀርመኖች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ በመብላላት ላይ ካለ ሌላ ቢራ ቀድተው ይጨምሩበታል። ጠማቂያችን ሌላ ቢራ ስላልነበረው በትንሹ አዘጋጀ። 100 ግራም የደረቀ የብቅል ጭማቂ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙቶ ለአሥር ደቂቃ ቀቀለው። ሲቀዘቅዝ የዚያኑ ዓይነት እርሾ አንድ ፓኬት ጨመረበትና 20 ዲግሪ በሚሆን ቦታ አስቀመጠው። በማግስቱ አረፋው አናቱ ላይ ተነስቶ ነበር።

ይህን ሲያደርግ አማቱ ወጥ ቤት ነበሩ። ምን እንደሚሠራ ሲያስረዳቸው «ታዲያ ጥንስስ ነዋ! ድፍድፉ አልነሳ ሲል እኮ ሌላ ጥንስስ ይጣልበታል» አሉት። እሱም «አዎ እማዬ፣ እሱ ነው» አላቸው። እኔ በስልክ ብዙ ደቂቃ የፈጀብኝን ማብራሪያ እሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት። ከኪት ቢራ ጋር የምንታገል ሐበሾች ከዚህ ዕውቀት ጋር ያደግን መሆናችንን ስንቴ እንደምንረሳው ሳስብ ይቆጨኛል።

ጥንስሱ ከፍ ባለ አረፋው ላይ እያለ ባልዲው ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ሳይንቦጫረቅ ተጨመረ። ባልዲው 18 ዲግሪ ላይ ነበር። በስድስት ሰዓት ውስጥ ኤርሎኳ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረች። በአምስተኛው ቀን ንባቡ 1.011 ደረሰ። በሰባተኛውም ያው 1.011 ነበር። የሁለቱ ብርጭቆ ምርመራ ሲደገም ቅቤው ከሁለቱም ጠፍቷል። አዲሱ እርሾ በተራው ትንሽ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አምጥቶ ነበር። ይህ የድኝ ሽታ ነው። የላገር እርሾ የተለመደ ጠባይ ስለሆነ አላስጨነቀንም። በብርዱ ጊዜ ይሄዳል።

ብርዱ እንደገና

ከዚህ በኋላ ጋራዡን ተውነው። ጠማቂው ያገለገለ ፍሪጅ በርካሽ ገዛ። ከእሱ ጋር ሶኬት ላይ የሚሰካ የሙቀት መቆጣጠሪያ አገኘ። መሣሪያው የፍሪጁን ኤሌክትሪክ እንደ አስፈላጊነቱ ያበራል፣ ያጠፋል። ዋናው ዘዴ የመለኪያዋ ጫፍ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። አየር ላይ ከተንጠለጠለች በሩ በተከፈተ ቁጥር ትደናገጣለች። ባልዲው ጎን ላይ በፕላስተር ተለጥፋ፣ በላይዋ ስፖንጅ ሲደረግባት የቢራውን ሙቀት ትለካለች። ጠማቂው እንዲህ ነው ያደረገው።

አየር እንዳይሳብ ሌላ ነገር አደረገ። ጥንስሱ ገና እየሠራ ሳለ ኤርሎኳን አውጥቶ በቦታዋ ቱቦ ሰካ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ፊኛ አሰረ። እርሾው ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊኛውን ሞላው። ባልዲው ሲቀዘቅዝ የተሳበው ያ ጋዝ ነው። ዋጋው ከሳንቲም አይበልጥም። በጋራዡ ጊዜ ይህ ቢኖር ኤርሎኳ አትደርቅም ነበር።

ሙቀቱን በቀን ሁለት ሁለት ዲግሪ እየቀነሰ ወደ 1 ዲግሪ አወረደው። እኔ በዚህ ላይ ትንሽ የተለየ አሳብ አለኝ። ቀስ እያሉ ማውረድ የሚጠቅመው እርሾው በብርዱ ውስጥ የሚጨርሰው ሥራ ካለ ነው። ምርመራው ንጹህ ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ቢወርድም ጉዳት አይታየኝም። እሱ ግን አንዴ ስለደነገጠ በጥንቃቄ መሄድን መረጠ፤ ጊዜም ነበረው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቢራው 1 ዲግሪ ላይ ነበር። አምስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚህ ጊዜ የሚሆነው ነገር በዓይን አይታይም፣ ግን ብዙ ነው። እርሾው ወደ ታች ይወርዳል። ከብቅሉ የመጣው ፕሮቲንና ከብቅሉና ከሆፑ የመጣው ታኒን በቅዝቃዜ ይያያዛሉ፣ ይከብዳሉ፣ አተላ ሆነው ይተኛሉ። ቢራ በበረዷማ ብርጭቆ ሲቀዳ የሚደፈርሰው እነዚህ በውስጡ ስለቀሩ ነው። የድኝ ሽታውም ይለቃል። ጥሬ የሚመስለው ጣዕም ይለሰልሳል። ፋብሪካ ይህን በማጣሪያ ያፋጥነዋል፤ ቤት ውስጥ ማጣሪያው ጊዜ ነው።

መሐል ላይ ጀላቲን ጨምሮ ቶሎ የማጥራት አሳብ ተነስቶ ነበር። ጀላቲን በእርግጥ ይሠራል፣ በቀናት ውስጥ ያጠራል። የሚሠራው ግን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከአሳማ። የፋሲካ እንግዶቹ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ጠማቂው ተወው፣ ትክክልም አደረገ።

ጠርሙስ ላይ

እዚህ ሌላ ወጥመድ ነበር። ቢራው በጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲይዝ ትንሽ ስኳር ይጨመራል። መጠኑን የሚያሰሉ ካልኩሌተሮች የቢራውን ሙቀት ይጠይቃሉ። ጠማቂው ፍሪጁን አይቶ 1 ዲግሪ ብሎ ሞላ። ለ21 ሊትር 70 ግራም አካባቢ ስኳር ይበቃል አለው።

ይህ ልክ አይደለም። ካልኩሌተሩ ሙቀቱን የሚጠይቀው በቢራው ውስጥ አስቀድሞ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ ለመገመት ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብዙ ጋዝ ይይዛል፤ ግን ያንን ጋዝ የሚሠራው መብላላቱ ነው። ይህ ቢራ መብላላቱን የጨረሰው 18 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት የሚበዛው ጋዝ አምልጦ ሄዷል። በኋላ ማቀዝቀዝ የሄደውን አይመልስም። መሞላት ያለበት መብላላቱ ሲያበቃ ቢራው የደረሰበት ከፍተኛው ሙቀት ነው። በዚህ ሲሰላ የሚያስፈልገው ስኳር ወደ 135 ግራም ይጠጋል። በ70 ግራም ቢሄድ ኖሮ ጋዝ የሌለው ቢራ ለፋሲካ ያቀርብ ነበር። ፊኛው የመለሰው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ ከሒሳብ አልገባም።

ስኳሩ በትንሽ ውሃ ተቀቅሎ ንጹህ ባልዲ ሥር ፈሰሰ፣ ቢራው በቱቦ ከላዩ ቀስ ብሎ ወረደ። አተላው በመጀመሪያው ባልዲ ቀረ። ለአምስት ሳምንት በብርድ የቆየ ቢራ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለጋዙ የሚበቃ እርሾ ይኖራል። ለጥንቃቄ ግን 2 ግራም ያህል ደረቅ እርሾ ተጨመረበት። በጠርሙስ ውስጥ ሥራው ትንሽ ስለሆነ ደረቁም ይበቃል። ጠርሙሶቹ በቆርኪ የሚታሸጉ፣ ወፍራም የቢራ ጠርሙሶች ነበሩ። ለውሃ ወይም ለጭማቂ የተሠራ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፤ ግፊቱ ሊፈነዳው ይችላል።

ወደ ስልሳ ጠርሙስ ወጣ። ግማሹ መጀመሪያ ምድር ቤት 13 ዲግሪ ላይ ተቀመጠ፣ ግማሹ ሳሎን ቁም ሣጥን ውስጥ 20 ዲግሪ ላይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሳሎኑ ሲከፈት አረፋው ጥሩ ነበር። የምድር ቤቱ ግን ገና ጣፋጭና ልፍስፍስ ነበር። እነሱም ወደ ሙቀት ወጡ፣ በሳምንት ውስጥ ደረሱ። ላገር ስለሆነ ጠርሙሱም ይቀዝቅዝ ማለት እንዳልሆነ እዚህ በግልጽ ታየ።

ውጤቱ

ለፋሲካ የቀረበው ቢራ ጠርቶ ከብርጭቆው ማዶ ጣት ያሳይ ነበር። አልኮሉ 4.5 በመቶ አካባቢ ነው። ቅቤ የለም፣ ድኝ የለም፣ የፍራፍሬ ሽታም የለም። የብቅሉ ጣዕም ንጹህ ነው፣ መጨረሻው ደረቅ ያለ።

ጉድለቱንም ልናገር። ጋራዥ ውስጥ የገባው አየር ጨርሶ አልተረሳም። የተረፉት ጠርሙሶች ሁለት ወር ሲሆናቸው ትንሽ የካርቶን ጣዕም መጣባቸው። ይህን የሚመልስ ዘዴ የለም። ዳይአሴቲል ይታከማል፣ አየር ያረጀው ቢራ ግን አይታከምም። አማቱ ደግሞ ቀምሰው መጥራቱን አደነቁ፣ ጌሾው ግን አነሰባቸው። እኔም እስማማለሁ። የኪት ሆፕ በፋብሪካ ተቀቅሎ ስለመጣ መዓዛው ይሳሳል፤ በሚቀጥለው ትንሽ ሆፕ ለብቻው አፍልቶ እንዲጨምርበት ተነጋግረናል።

ለሌላ ጠማቂ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል፣ ብርድ ያላለቀ ቢራ አይጨርስም እላለሁ። ብርድ ያጠራል፣ ያለሰልሳል፣ ድኝ ያስለቅቃል። ዳይአሴቲልን ማጥፋት፣ የቀረ ስኳርን መጨረስ ግን የእርሾው ሥራ ነው፤ እርሾውም ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በጣም ቀስ ብሎ፣ ለወራት፣ ሕያው እርሾ ይዞ በሚያቆይ ፋብሪካ ጉዳዩ ሊለያይ ይችላል። ባልዲ ይዞ ቤቱ ለሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያ ይለቅ፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ።

ማለቁን የምትነግረን ኤርሎኳ አይደለችም። ክዳኑ በትንሹ ካፈሰሰ ገና እየሠራ ያለ ቢራ ዝም ሊል ይችላል፤ የአየር ግፊት ሲቀየር ደግሞ ያለቀ ቢራ አረፋ ያወጣል። የሚታመነው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት የተወሰደ፣ ያልተለወጠ የሃይድሮሜትር ንባብ ነው። ከእሱ ጋር የሁለቱ ብርጭቆ ምርመራ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው ፍሪጁ የሚከፈተው።

የውጭ ብርድ በነጻ ቢገኝም ቁጥጥር የለውም። ጋራዥ የግድ ከሆነ ባልዲውን ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ መወዛወዙን ይቀንሰዋል፤ ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። መቆጣጠሪያ ያለው ያገለገለ ፍሪጅ ግን ይሻላል። ሙቀት በሚበዛባቸው እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ቴክሳስ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ፍሪጁ ለማቆየት ብቻ ሳይሆን ለመብላላቱም የግድ ነው። በባሕረ ሰላጤው የሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት የአገሩን ሕግ ይወቅ፤ በአንዳንዶቹ ቤት ውስጥ መጥመቅ ከባድ ቅጣት ያስከትላል።

ኪት ሲገዛ የእርሾው ፓኬት ይታይ። በመመሪያው ላይ የተጻፈው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ እርሾው የኤል ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል። ፍሪጅ የሌለው ሰው በዚያው እርሾ 18 ዲግሪ ላይ ቢሠራው ንጹህ ቢራ ያገኛል፣ ለሁለት ሳምንት በብርድ ቢያቆየውም ይጠራል። ላገር ነው ብሎ ግን አይጠብቅ።

ጊዜውን ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ይበጃል። ለመብላላቱና ለእረፍቱ ሦስት ሳምንት፣ ለማቀዝቀዝና ለማቆየት ስድስት፣ ለጠርሙሱ ሦስት ሳምንት። ይህ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፤ እንደዚህ ቢራ የሚታከም ነገር ካለ ሌላ ሁለት ይጨመርበት። ለገና የሚፈልግ በመስከረም መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚፈልግ በግንቦት መጨረሻ መጥመቅ አለበት።